የድርጅት ድረ ገጽ ቁልፍ በማን እጅ ይሁን?

ከሳሪስ ተነስቶ የደብረ ዘይትን መንገድ ይዞ ወደ ደቡብ የሚጓዝ ሰው፣ አዲስ አበባ ከንግድና ከመኖሪያ ሰፈርነት ወደ ፋብሪካ ከተማነት መልኳን ስትለውጥ ይመለከታል። በአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ የብረታ ብረት፣ የምግብ፣ የጨርቃ ጨርቅ፣ የፕላስቲክና የግንባታ ዕቃዎች ማምረቻዎች ከመንገዱ ግራና ቀኝ ተሰልፈው ይታያሉ። አካባቢው የኢንዱስትሪ መንደር ሊሆን የበቃው ያለ ምክንያት አይደለም። ከጅቡቲ ይመጣ የነበረው የቀድሞው የምድር ባቡር አዲስ አበባ ከመድረሱ በፊት አቃቂን ያቋርጥ ነበር። የአዲስ አበባ-አዳማ የፍጥነት መንገድ የሚነሳው ከዚያው ክፍለ ከተማ ከቱሉ ዲምቱ ሲሆን፣ በ2008 ዓ.ም. መግቢያ አገልግሎት የጀመረው የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር የሰሜን-ደቡብ መስመር የተዘረጋውም እስከ ቃሊቲ ነው።

በዚህ መልኩ ዕቃው የሚጓዝበት መንገድ ተጠርጓል። ስለ ዕቃው የሚነገረው መረጃ የሚጓዝበት መንገድ ግን በብዙ አምራች ድርጅቶች ዘንድ ገና አልተጠረገም። በሐዋሳ ሕንፃ የሚያስገነባ ሥራ ተቋራጭም ሆነ በናይሮቢ የሚገኝ አስመጪ ስለ አንድ ምርት ለማወቅ ሲፈልግ አስቀድሞ የሚያወጣው የእጅ ስልኩን ነው። የድርጅቱን ድረ ገጽ ሲከፍት የሚያገኘው ግን ብዙ ጊዜ ካለፈው ዓመት ያልተለወጠ የዋጋ ዝርዝር፣ መመረት ያቆመ ዕቃ ፎቶግራፍ፣ የማይነሳ የስልክ ቁጥርና የመጨረሻው ጽሑፍ ከወጣ ዓመታት ያለፉት የዜና አምድ ነው። ፋብሪካው በሦስት ፈረቃ እየሠራ ሳለ ድረ ገጹን የተመለከተ ሰው ድርጅቱ የተዘጋ ይመስለዋል።

ይህ ሁኔታ ብዙውን ጊዜ ከቸልተኝነት የመነጨ ተደርጎ ይወሰዳል። ጉዳዩ ጠለቅ ብሎ ሲታይ ግን የችግሩ ምንጭ ሌላ መሆኑን መገንዘብ ይቻላል። መረጃውን የሚያውቀው ሠራተኛ ድረ ገጹን መለወጥ አይችልም፤ ድረ ገጹን መለወጥ የሚችለው ባለሙያ ደግሞ መረጃውን አያውቅም። በመሆኑም ድርጅቶች ድረ ገጾቻቸውን እንደገና ሲያሠሩ ሊያነሱት የሚገባው ዋነኛ ጥያቄ የገጹ ውበት ሳይሆን የገጹ ቁልፍ በማን እጅ ይሁን የሚለው ነው።

አንድ ዋጋ ለመለወጥ ስንት ደጃፍ?

ለአብነት ያህል ፌሮ የሚያመርት አንድ ድርጅት ይወሰድ። የሽያጭ ክፍሉ አዲስ ዋጋ ሲወሰን ደብዳቤ ያዘጋጃል። ደብዳቤው በሥራ አስኪያጁ ተመርቶ ወደ ኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ክፍል ይሄዳል። ይህ ክፍል ኮምፒውተሮችንና ኔትወርክን እንጂ ድረ ገጹን ስለማያስተዳድር ጉዳዩን በውል ወደ ሠራው የውጭ ባለሙያ ያስተላልፋል። ባለሙያው በሌላ ሥራ ተጠምዶ ሊሆን ይችላል፤ ለእያንዳንዱ ለውጥ ክፍያ ይጠይቅም ይሆናል። ለውጡ በገጹ ላይ በሚታይበት ጊዜ ዋጋው እንደገና ተለውጦ ይገኛል። በዚህ መካከል የሽያጭ ሠራተኞች «የ12 ፌሮ ዛሬ ስንት ነው?» ለሚል ተመሳሳይ ጥያቄ ቀኑን ሙሉ በስልክ ሲመልሱ ይውላሉ።

ጉዳዩ በተለይ ካለፉት ጥቂት ዓመታት ወዲህ ክብደት ያገኘበት ምክንያት አለ። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን የሚያስችለውን ማሻሻያ ይፋ ካደረገ በኋላ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው የአንድ የአሜሪካ ዶላር የባንክ ምንዛሪ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆኗል። ጥሬ ዕቃውን ከውጭ የሚያስገባ አምራች በዓመት አንድ ጊዜ የሚታተም የዋጋ ዝርዝር ይዞ መቀጠል የማይችልበት ወቅት ላይ መድረሱን ይህ ለውጥ በግልጽ አሳይቷል። ጊዜው ያለፈበት ዋጋ ያነበበ ገዢ በፋብሪካው በር ላይ ሌላ ዋጋ ሲነገረው የሚጎዳው የድርጅቱ ታማኝነት ነው።

ከዚህም ሌላ የውድድሩ ሜዳ እየሰፋ መጥቷል። ኢትዮጵያ የአፍሪካ አህጉራዊ ነፃ የንግድ ቀጣና ስምምነትን በ2011 ዓ.ም. አጽድቃለች። በ2014 ዓ.ም. የተጀመረው «ኢትዮጵያ ታምርት» ንቅናቄም የአገር ውስጥ ምርት ከውጭ የሚገባውን እንዲተካ ያለመ ነው። ይሁንና ገዢው መኖሩን ያላወቀው የአገር ውስጥ ምርት ከውጭ የሚገባውን ሊተካ አይችልም። የሚፈልገው ውፍረትና ርዝመት ያለው ብረት ቃሊቲ ውስጥ እየተመረተ መሆኑን በቀላሉ ማረጋገጥ ያልቻለ የግዢ ሠራተኛ ከውጭ ለማስመጣት ቢነሳ ሊፈረድበት አይገባም።

ችግሩ ከየት መጣ?

የኢንተርኔት አገልግሎት በኢትዮጵያ የተጀመረው በ1989 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት የተሠሩት የድርጅት ድረ ገጾች በአብዛኛው በኮድ የተጻፉ ቋሚ ገጾች ነበሩ። የዕቃው ስም፣ ዋጋው፣ ፎቶግራፉና የገጹ ቀለም በአንድ ፋይል ውስጥ ተደባልቀው ይቀመጡ ስለነበር ከ«12» ወደ «14» አንዲት ቁጥር ለመቀየር እንኳ ኮዱን ከፍቶ መሥራት የሚችል ሰው ያስፈልግ ነበር።

በአማርኛ ለሚዘጋጁ ገጾች ደግሞ ተጨማሪ መሰናክል ነበር። በወቅቱ የነበሩት የአማርኛ መጻፊያ ሶፍትዌሮች እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን የፊደል አቀማመጥ ይከተሉ ስለነበር በአንዱ የተጻፈው በሌላው ኮምፒውተር ላይ ትርጉም የለሽ ምልክት ሆኖ ይታይ ነበር። ከዚህ ለማምለጥ የተወሰደው መፍትሔ የአማርኛውን ጽሑፍ እንደ ሥዕል አድርጎ መለጠፍ ነበር። ሥዕል የሆነ ጽሑፍ ግን ሊታረም አይችልም፤ የመፈለጊያ ሞተሮችም በቀጥታ አያነቡትም፤ ለዓይነ ስውራን ጽሑፍን ወደ ድምፅ የሚቀይሩ ሶፍትዌሮችም ፊደል አያገኙበትም።

እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው ሦስተኛው የዩኒኮድ ዕትም የኢትዮጵያን ፊደል በማካተቱ ለእያንዳንዱ ፊደል በዓለም አቀፍ ደረጃ አንድ ወጥ ቁጥር ተሰጠው። እ.ኤ.አ. በ2007 ለገበያ የቀረበው ዊንዶውስ ቪስታም «ኒያላ» የተሰኘውን የግዕዝ ፊደል አብሮ ይዞ በመምጣቱ ተራው የኮምፒውተር ተጠቃሚ ተጨማሪ ፊደል ሳይጭን አማርኛ ለማንበብ በቃ። የቴክኒክ መሰናክሉ ከተነሳ ብዙ ዓመታት ቢቆጠሩም ልማዱ ግን አልተነሳም። ዛሬም በርካታ ማስታወቂያዎችና የጨረታ ጥሪዎች ማኅተም ያረፈበት ወረቀት በፎቶግራፍ ተነስቶ ሲለጠፉ ይታያሉ።

ይዘትና ቅርጽ ሲለያዩ

መፍትሔው ይዘትን ከቅርጽ መለየት ነው። የይዘት ማስተዳደሪያ ሥርዓት ተብለው በሚታወቁት ሶፍትዌሮች አሠራር መሠረት ጽሑፉ፣ ፎቶግራፉና ቁጥሩ በመረጃ ቋት ውስጥ ለብቻ ይቀመጣል። የገጹ መልክ ደግሞ በሶፍትዌር ባለሙያ አንድ ጊዜ ተሠርቶ ይቆያል። የሽያጭ ሠራተኛው በይለፍ ቃሉ ገብቶ ከቢሮ ቅጽ ብዙም ያልተለየ ቅጽ ላይ ይሞላል፤ ሥርዓቱ የተሞላውን መረጃ ከተዘጋጀው መልክ ጋር አዋሕዶ ለተመልካች ያቀርበዋል።

ሐሳቡ ከድረ ገጽ ፈጠራ ጋር አብሮ የተወለደ ነው ማለት ይቻላል። ቲም በርነርስ ሊ እ.ኤ.አ. በ1990 በአውሮፓ የኑክሌር ምርምር ማዕከል የሠራው የመጀመሪያው የድረ ገጽ መክፈቻ ሶፍትዌር ማንበቢያ ብቻ ሳይሆን መጻፊያም ነበር። በኋላ የተስፋፉት ሶፍትዌሮች ማንበብን ብቻ ስላስቀሩ መጻፍ የባለሙያ ሥራ ሆኖ ቆየ። እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣው ድሩፓልና በ2003 የወጣው ዎርድፕረስ የመጻፉን ሥራ ለተራው ተጠቃሚ መልሰውለታል። ሁለቱም ለፈቃድ ክፍያ የማይጠየቅባቸው ሲሆኑ፣ ዎርድፕረስ ዛሬ በዓለም ላይ ካሉት ድረ ገጾች ከ40 በመቶ በላይ የሚሆኑት የሚጠቀሙበት ሥርዓት ነው።

ይሁን እንጂ ሶፍትዌሩን መትከል ብቻውን ችግሩን አይፈታም። ሥርዓቱ ተተክሎ የገበያ ባለሙያው ፊት ለፊት አንድ ባዶ ገጽ ብቻ ከቀረበለት የኮዱ ችግር ወደ ዝርክርክነት ይለወጣል። አንዱ ሠራተኛ ዋጋውን በቀይ፣ ሌላው በሰማያዊ ይጽፈዋል፤ አንዱ በኪሎ፣ ሌላው በቁራጭ ያስቀምጠዋል። ስለዚህ ከግንባታው በፊት የሚቀድመው ሥራ የድርጅቱን መረጃ በዓይነት በዓይነቱ መለየት ነው።

ወደ ፌሮው ምሳሌ መመለስ ይቻላል። የ12 ሚሊ ሜትር ፌሮ በአንድ ሜትር 0.888 ኪሎ ግራም ይመዝናል፤ የተለመደው የ12 ሜትር ዘንግ ክብደት 10.66 ኪሎ ግራም ገደማ ይሆናል ማለት ነው። ይህ ከብረቱ መጠንና ጥግግት የሚመነጭ ስለሆነ የማይለወጥ መረጃ ነው። የጥራት ማረጋገጫ የምስክር ወረቀት ደግሞ የሚያገለግልበት ጊዜ ስላለው አልፎ አልፎ የሚታደስ ነው። ዋጋና በመጋዘን ያለው ክምችት ግን በየሳምንቱ ምናልባትም በየቀኑ የሚለወጡ ናቸው። ሥርዓቱ ለእነዚህ ሦስት ዓይነት መረጃዎች የተለያየ ሳጥን፣ የተለያየ ኃላፊና የተለያየ የመታደሻ ጊዜ ሊያዘጋጅ ይገባል። የማይለወጠውን መረጃ የፋብሪካው መሐንዲስ አንድ ጊዜ ሞልቶ ይዘጋዋል፤ በፍጥነት የሚለወጠውን የሽያጭ ክፍሉ ይከታተለዋል። የዋጋ ሳጥኑ ከቁጥር በቀር ሌላ የማይቀበል፣ የመጨረሻው ለውጥ የተደረገበትን ቀንም በራሱ የሚያሳይ ቢሆን ገዢው የሚያነበው ዋጋ የመቼ እንደሆነ ሳይጠራጠር ያውቃል።

የአገሩን ቋንቋና ዘመን የሚያውቅ ሥርዓት

ከውጭ የመጣ ሶፍትዌር እንዳለ ሲተከል የሚያስከትለው ችግር በተለይ በቀንና በሰዓት ላይ ይታያል። ለምሳሌ አንድ ድርጅት ጨረታው ጥር 12 ቀን 2018 ዓ.ም. ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ ይከፈታል ብሎ ቢያስታውቅ፣ ሥርዓቱ የሚያውቀው ጃንዋሪ 20 ቀን 2026 ጠዋት 10 ሰዓት የሚለውን አቆጣጠር ነው። ሥርዓቱ ያሳየውን «10፡00» ያነበበ ተጫራች በአገሩ አቆጣጠር ከቀኑ 10 ሰዓት ነው ብሎ ከወሰደው፣ ፖስታው ከተከፈተ ከስድስት ሰዓት በኋላ ይደርሳል። የገበያ ባለሙያው ቀኑን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሞልቶ ሥርዓቱ ወደ ሌላው እንዲቀይርለት ማድረግ ለሶፍትዌር ባለሙያ ከባድ ሥራ አይደለም። በግንባታው ወቅት ካልታሰበበት ግን የገበያ ባለሙያው ለእያንዳንዱ ማስታወቂያ በእጁ ሲያሰላ ይኖራል፤ በእጅ የሚሰላ ነገር ደግሞ አንድ ቀን መሳሳቱ አይቀርም።

የፊደል ጉዳይም እንዲሁ ነው። በአማርኛ ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸው ፊደላት በመኖራቸው «ዕቃ» እና «እቃ»፣ «ሥራ» እና «ስራ» እየተባለ በሁለት መንገድ ይጻፋል። ለኮምፒውተር እነዚህ ፈጽሞ የተለያዩ ቃላት ናቸው። ድርጅቱ «የመለዋወጫ ዕቃዎች» ብሎ ጽፎ ገዢው «የመለዋወጫ እቃዎች» ብሎ ቢፈልግ የገጹ መፈለጊያ ምንም የለም የሚል መልስ ሊሰጥ ይችላል። ሥርዓቱ ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸውን ፊደላት በፍለጋ ጊዜ እንደ አንድ እንዲቆጥር መደረግ አለበት። ከዚህ ጋር አማርኛው፣ አፋን ኦሮሞውና እንግሊዝኛው ገጽ በአንድ መዝገብ ሥር ተያይዘው ቢቀመጡ አንዱ ሲታደስ ሌላው ወደ ኋላ መቅረቱን ሥርዓቱ ራሱ ሊያስታውስ ይችላል።

ቴሌግራም እያለ ድረ ገጽ ለምን?

በዚህ ጉዳይ ላይ የሚነሳ ተቃራኒ አስተያየት አለ። የኢትዮጵያ ነጋዴ ገበያውን ወደ ቴሌግራምና ወደ ፌስቡክ ካዛወረ ቆይቷል፤ ደንበኛውም ያለው እዚያው ነው፤ ስለዚህ ለድረ ገጽ ግንባታ ገንዘብ ማውጣት አያስፈልግም የሚል ነው። አስተያየቱ ከእውነታ የራቀ አይደለም። በቴሌግራም አንድ ዋጋ በደቂቃ ውስጥ ለብዙ ሺህ ተከታዮች ይደርሳል፤ በ2013 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቴሌብርም በስልክ መክፈልን ቀላል አድርጎታል።

ነገር ግን የሽያጭ ሠራተኞች ወደ ቴሌግራም የሄዱበትን ምክንያት መመርመር ያስፈልጋል። የሄዱት ድረ ገጽ ስለማይጠቅም ብቻ አይደለም፤ በቴሌግራም ማንንም ሳያስፈቅዱና ማንንም ሳይጠብቁ መጻፍ ስለቻሉ ነው። የድረ ገጹ በር ተዘግቶባቸው በተከፈተላቸው በኩል ገቡ ማለት ይቻላል። በዚህ በኩል ሲታይ የቴሌግራም መስፋፋት ይዘቱ በባለቤቱ እጅ ሲገባ ምን ያህል ሕያው እንደሚሆን የሚያረጋግጥ ማስረጃ ነው።

በሌላ በኩል ቻናል እንደ ወራጅ ውኃ ነው። ትናንት የተለጠፈው ዋጋ ዛሬ በተለጠፉት ሃያ መልእክቶች ሥር ይቀበራል። የድርጅቱን አቅም የሚመዝን የባንክ ባለሙያ፣ የጨረታ ገምጋሚ ወይም የውጭ አገር ገዢ የሚፈልገው ደግሞ የሚፈስ ዜና ሳይሆን በአንድ ቦታ ተደርድሮ የሚገኝ መረጃ ነው፤ የምርቱን ዝርዝር፣ የምስክር ወረቀቱን፣ አድራሻውንና የድርጅቱን ታሪክ ማየት ይፈልጋል። ከዚህም በላይ ቻናሉ የሚገኝበት መድረክ የሌላ ኩባንያ ንብረት ነው። ደንቡን የሚያወጣውም የሚለውጠውም ያ ኩባንያ ነው። ስለሆነም ሁለቱን ማፎካከር ተገቢ አይሆንም። ዋናው መዝገብ በድርጅቱ ድረ ገጽ ላይ ተቀምጦ ቴሌግራሙ ከዚያ እየቀዳ ቢያሰራጭ አንዱ ዋጋ በአንድ ቦታ ተለውጦ በሁሉም ስፍራ ይታያል።

ቁልፍ የያዘ ኃላፊነት አለበት

የይዘት አስተዳደር ወደ ገበያ ባለሙያዎች ሲዛወር ብዙ ሥራ አስኪያጆች የሚያድርባቸው ስጋት አለ። አንድ ሠራተኛ በስህተት የ1 ሺህ 200 ብር ዕቃ በ120 ብር ቢያወጣስ? ያልተፈቀደ መግለጫ ቢለጥፍስ? ስጋቱ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። በድረ ገጽ ላይ የሚወጣ ቃል የድርጅቱ ቃል ነው። የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴዎች ለሸማቹ ትክክለኛ መረጃ እንዲሰጡ ያስገድዳል። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ደግሞ ለኤሌክትሮኒክ መልእክት ሕጋዊ ዕውቅና ሰጥቷል። ከዚህም ሌላ በድረ ገጹ የዋጋ መጠየቂያ ቅጽ ላይ ስሙንና ስልኩን የሚያሰፍር ደንበኛ መረጃው በግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የተጠበቀ ነው።

ስጋቱን ለማስወገድ የተለመደው ዘዴ ቁልፉን መልሶ በባለሙያው ኪስ ማስቀመጥ ነው። የሶፍትዌር ባለሙያው ግን የዋጋውን ትክክለኛነት የሚያውቅበት መንገድ የለም፤ የተላከለትን ስህተት እንዳለ ይለጥፈዋል። ዘግይቶ መውጣቱ ስህተቱን ትክክል አያደርገውም። የተሻለው መንገድ ኃላፊነቱን በሥርዓቱ ውስጥ መደልደል ነው። ጀማሪው ሠራተኛ ያዘጋጃል እንጂ አያወጣም፤ የክፍሉ ኃላፊ አንብቦ ያጸድቃል። ዋጋ ከተወሰነ መጠን በላይ ከፍ ወይም ዝቅ ሲል የሁለተኛ ሰው ማረጋገጫ ይጠየቃል። ሥርዓቱ ማን፣ መቼ፣ ምን እንደለወጠ መዝግቦ ስለሚይዝ ስህተት ሲገኝ የቀድሞውን ገጽ በአፍታ መመለስ ይቻላል። በደብዳቤና በስልክ ይካሄድ በነበረው አሠራር ስህተቱ የማን እንደሆነ ለማወቅ የሚፈጀውን ጊዜ ለሚያስታውስ ሥራ አስኪያጅ ይህ ቀላል ጥቅም አይደለም።

ለእያንዳንዱ ሠራተኛ የየራሱ መግቢያ መስጠትም ግዴታ ነው። በአንድ የይለፍ ቃል ክፍሉ በሙሉ የሚገባበት ልማድ ተጠያቂነትን ያጠፋል። ሠራተኛ ሥራ ሲለቅ እንደ ንብረት ሁሉ የይለፍ መብቱም በመልቀቂያ ቅጹ ላይ ተመዝግቦ ሊመለስ ይገባል።

የሶፍትዌር ባለሙያው ቦታ

ይህ ሁሉ ሲባል የሶፍትዌር ባለሙያው አያስፈልግም ማለት አይደለም። እነዚህ ሥርዓቶች በየጊዜው የደኅንነት ማሻሻያ የሚወጣላቸው ናቸው፤ ማሻሻያውን ሳይጭን የቆየ ድርጅት፣ በተለይም ከየቦታው የተሰበሰቡ ተጨማሪ ሶፍትዌሮችን የተከለ፣ ለሰርጎ ገቦች በሩን ክፍት ትቷል ማለት ነው። ፈቃዱ ያለ ክፍያ የሚገኝ መሆኑም ወጪ የለውም ማለት አይደለም። የሰርቨር ኪራይ፣ የመጠባበቂያ ቅጂና የጥገና ወጪ በየዓመቱ በጀት ሊያዝላቸው ይገባል። ገጹ በሞባይል ዳታ ለሚከፍተው ገዢ ቀላል እንዲሆን ፎቶግራፎችን በራሱ የሚያሳንስ ሥርዓት መገንባትም የባለሙያ ሥራ ነው። የድሮው ገጽ አድራሻዎች ወደ አዲሱ እንዲመሩ ካልተደረገ ደግሞ ለዓመታት ድርጅቱን በፍለጋ ያገኙት የነበሩ ደንበኞች ባዶ ገጽ ይጠብቃቸዋል።

የሚለወጠው የባለሙያው ሥራ ዓይነት ነው። ቁጥር ከመቀየርና ፎቶግራፍ ከመለጠፍ ነፃ ሲወጣ ዕውቀቱን ለሚጠይቅ ተግባር ጊዜ ያገኛል። በዚህ ረገድ አቃቂ ቃሊቲ የተለየ ዕድል አለው። በ2003 ዓ.ም. የተቋቋመውና የሶፍትዌር ምሕንድስና የሚያስተምረው የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው በዚሁ ክፍለ ከተማ በቂሊንጦ አካባቢ ነው። ለመድኃኒት አምራቾች የተዘጋጀው የቂሊንጦ ኢንዱስትሪ ፓርክም ጎረቤቱ ነው። ፋብሪካውና ዩኒቨርሲቲው በአንድ ክፍለ ከተማ እያሉ የተማሪው የመመረቂያ ሥራ ከጎረቤቱ ፋብሪካ ችግር ጋር ቢገናኝ ሁለቱም ይጠቀማሉ። በ2016 ዓ.ም. ሐምሌ ወር የተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ኢኒሼቲቭም የፕሮግራም ዕውቀትን ለማስፋት ያለመ ነው። ይሁንና ኮድ ከሚጽፈው ጎን ለጎን ስለ ምርቱ በግልጽ አማርኛ የሚጽፍ፣ ፎቶግራፉን በአግባቡ የሚያነሳና መረጃውን በወቅቱ የሚያድስ የገበያ ባለሙያም መሠልጠን እንዳለበት ሊዘነጋ አይገባም።

ግንባታውን በውል የሚሰጡ ድርጅቶች ከፊርማ በፊት ጥቂት ነጥቦችን ቢያረጋግጡ ከኋላ ጸጸት ይድናሉ። የድረ ገጹ ስም በድርጅቱ እንጂ በሠሪው ግለሰብ ስም አይመዝገብ። ኮዱ፣ የመረጃ ቋቱና ዋናው የይለፍ ቃል በርክክቡ ሰነድ ላይ ይዘርዘሩ። ርክክቡም ገጹ ሲያምር በማየት ብቻ አይፈጸም። የሽያጭ ክፍሉ ሠራተኛ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጦ፣ የሠሪው ባለሙያ ሳይረዳው፣ አንድ አዲስ ምርት አስገብቶ፣ ዋጋ ለውጦ፣ የጨረታ ማስታወቂያ አውጥቶና የተሳሳተውን መልሶ ያሳይ። ይህን ማድረግ ካልቻለ ድረ ገጹ ምንም ያህል ቢያምር ሥራው አልተጠናቀቀም።

አቃቂ ለመገናኛ ታሪክ እንግዳ አይደለችም። በጣሊያን ወረራ ዋዜማ የኢትዮጵያ ድምፅ ለውጭው ዓለም የተሰማው በአቃቂ ከነበረው የራዲዮ ማሰራጫ ጣቢያ ነበር። በዚያ ጣቢያ መሣሪያውን የሚያንቀሳቅሱት የቴክኒክ ባለሙያዎች ነበሩ፤ መልእክቱ ግን የባለ ጉዳዩ ነበር። የዛሬዎቹ የአቃቂ ቃሊቲ ፋብሪካዎችም የሚያስፈልጋቸው ይኸው የሥራ ክፍፍል ነው። ባለሙያው ማሰራጫውን ይጠብቅ፤ ስለ ምርቱ የሚናገረው ግን ምርቱን የሚያውቀው ይሁን። ያን ጊዜ የሐዋሳው ሥራ ተቋራጭ ስልክ ሳይደውል፣ ፋብሪካው በር ድረስም ሳይመጣ፣ የዛሬውን ዋጋ ዛሬ ያገኛል።